ተቅማጥ የያዘውን ልጅ ድንገት ሲያንቀጠቅጠው፦ መጀመሪያ ሰዓት እዩ

በልጆች ክፍል በነርስነት 14 ዓመት ሠርቻለሁ። የሚያንቀጠቅጠው ልጅ ብርቄ አይደለም። ሥራ ቦታ ሲሆን ተረጋግቼ መድኃኒቱን በሲሪንጅ እስባለሁ፣ ኦክስጅን እከፍታለሁ፣ እናትየዋን በክንዴ ገለል አድርጌ ሥራዬን እቀጥላለሁ። የእህቴን ልጅ ዓይኔ እያየ ያንቀጠቀጣት ቀን ግን «በስመ አብ!» ብዬ ጮህኩ። ያውም ከእናቷ ቀድሜ።

ይኼን ቀድሜ የምናዘዘው እናንተም እንደምትጮኹ ስለማውቅ ነው። ጩኹ። እየጮኻችሁ ግን ሰዓት እዩ።

ነገሩ የሆነው ከገና በፊት በነበረው እሑድ፣ እህቴ ቤት ነው። ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሚጣ እንበላትና፣ ልጅቷ አንድ ዓመት ከሰባት ወሯ ነበር። ዓርብ ማታ ሁለት ጊዜ አስመለሳት። ቅዳሜ አራት ጊዜ ቀጭን ተቅማጥ ወጣት። እሑድ ጠዋት ግን ተሽሏት፣ ጡቷን ጠብታ፣ ግማሽ ሙዝ በልታ፣ የእናቷን ጫማ እየጎተተች ሳሎኑን ስትዞር ነበር። ትኩሳት የላትም፤ ቴርሞሜትሩ 36.8 አለ። ዓይኗ አልጎደጎደም። ስታለቅስ እንባ አላት። ዳይፐሯም ረጥቧል። እኔው ራሴ «ይቺማ ድናለች» ብዬ ቡና ይፈላ አልኩ።

አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ ሚጣ ከረከቦቱ አጠገብ ቁጭ እንዳለች ዓይኗ ወደ ቀኝ ተሰቀለ። ስሟን ጠራሁ፣ ዞር አላለችም። እጅና እግሯ ግትር አለ። ቀጥሎ ድግ ድግ ድግ እያለ በአንድ ምት ይመታ ጀመር። ከንፈሯ ጠቆረ። ቤቱ ቀወጠ። የእህቴ አማት ክብሪት ፈለጉ። ጎረቤት ቁልፍ ይዛ ገባች። እህቴ ልጇን አፋፍሳ ደረጃውን ልትወርድ ተነሳች። እኔ ስልኬን አየሁ፤ 6 ሰዓት ከ12 ይላል።

ሲቆም አንድ ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ገደማ ሆኖ ነበር። እህቴን ብትጠይቋት እስከ ዛሬ «ሩብ ሰዓት ቆየ» ትላለች። እየዋሸች አይደለም። እንደዚያ ነው የተሰማት። ሐኪሙ ግን የሚወስነው በደቂቃው ነው፤ ስለዚህ ደቂቃውን ከልባችሁ ሳይሆን ከስልካችሁ ውሰዱ።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች

መጀመሪያ የሚያቃጥልና የሚወጋ ነገር አርቁ። እኛ ቤት ከሰሉ እየነደደ፣ ጀበናው ተጥዶ ነበር። ልጅቷን ሳልነካ ምድጃውን ነው በእግሬ የገፋሁት። ከዚያ ወለሉ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ፣ በጎኗ አስተኛኋት። አልጋና ሶፋ ላይ አታስተኙ፣ ይወድቃሉ።

በጎን የምላችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ሆዱን የታመመ ልጅ እየተንቀጠቀጠ ሊያስመልሰው ይችላል። በጀርባው ከተኛ ትውከቱ ወደ ሳንባው ይገባል። በጎን ሆኖ አፉ ወደ መሬት ዘንበል ካለ ግን በራሱ ይፈሳል። ግራ ይሁን ቀኝ አትጨነቁ። ከአንገቱ ሥር የታሰረ ነገር ካለ ፍቱ። እጅና እግሩን ግን አትያዙ። መንቀጥቀጡን በጉልበት ማቆም አይቻልም፤ አጥንት ሊሰበር ይችላል።

አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ። ማንኪያ፣ ቁልፍ፣ ጣት፣ ውሃ፣ ጸበል፣ ሎሚ፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ሽሮፕ፤ ምንም። «ምላሱን ይውጣል» የሚባለው እውነት አይደለም፤ ምላስ አይዋጥም። በማንኪያ የተነቀለ ጥርስ ግን አይቻለሁ። የተነከሰ የአባት ጣትም አይቻለሁ።

ክብሪቱስ? አማትየዋ «አሽትቷት፣ አሽትቷት» እያሉ ሦስት እንጨት አቀጣጥለው መጡ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ክብሪት ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው መድኃኒት ነው፣ በእሳቸውም አልፈርድም። የልጆች መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይቆማል። ክብሪት ተፈልጎ፣ ተጭሮ፣ አፍንጫ ሥር እስኪደርስ ደግሞ ያችው አንድ ደቂቃ ታልፋለች። ምስጋናውን ክብሪቱ ይወስዳል። አየር እያጣ ላለ ልጅ ግን ጭሱ ተጨማሪ ጣጣ ነው፣ እሳቱም ፊት ያቃጥላል።

ይሁንና እናት የሚሆኑ ሰው ላይ መጮህ አይገባም፤ ጊዜም ያባክናል። ያገኘሁት ዘዴ ይኼ ነው፦ ሥራ ስጧቸው። «እማማ፣ እባክዎ ሰዓቱን እርስዎ ይያዙልኝ፣ አምስት ደቂቃ ሲሞላ ይንገሩኝ» ብዬ ስልኬን ሰጠኋቸው። ክብሪቱን ጥለው ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙ። ቁልፍ ይዛ የመጣችውን ጎረቤት «በስልክሽ ቅረጪልኝ» አልኳት። መጀመሪያ እንደ ነውር ቆጠረችው። ያ የ30 ሴኮንድ ቪዲዮ ግን በኋላ ለሐኪሙ ከሁላችንም ወሬ በላይ ጠቀመው።

ሲቆም ልጁ ይዝላል፣ ይተኛል፣ አንዳንዴም ሽንቱ ያመልጠዋል። በጎኑ እንደተኛ ይቆይ። ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል እዩ። ቀልቡ ተመልሶ እናቱን እስኪለይ ድረስ የሚጠጣ ነገር አትስጡት።

አምስት ደቂቃ ከሞላ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ካልቆመ፣ ወይም ቆሞ ልጁ ሳይነቃ ደግሞ ከጀመረው፣ ወይም ከቆመ በኋላም ትንፋሹ ከከበደና ከንፈሩ እንደጠቆረ ከቀረ፣ ወዲያው መሄድ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ጎረቤት መኪና ካለው ደግሞ የቀደመውን ውሰዱ። መኪና ውስጥም ልጁ ጭን ላይ በጎኑ ይተኛ፤ «ብርድ እንዳይመታው» ተብሎ ፊቱ በጋቢ አይሸፈን። ከንፈሩን ማየት አለባችሁ።

ቶሎ ቢቆምም ሂዱ

የመጀመሪያው ከሆነ፣ በ30 ሴኮንድ ቆሞ ልጁ እየሳቀ ቢነሳ እንኳ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ከዚህ በታች «ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም» የምለውን አንብባችሁ ቤት እንዳትቀሩ። ጉዳት የለውም የሚባለው ሌላው ሁሉ ተጣርቶ ከወጣ በኋላ ነው። በዓይን አይታወቅም። እኔም በዓይኔ አላወቅሁም።

እንግዲህ የሚጣ ነገር ምን ነበር? ሞሮኦካ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም በ1982 (በፈረንጆቹ) የጻፈው ዓይነት ነው። በፊት ጤነኛ የነበረ ልጅ፣ ዕድሜው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት፣ በተለይ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት መካከል፣ ቀለል ያለ ተቅማጥና ትውከት ይይዘዋል። ትኩሳት የለውም። ውሃ ቢያጣም በጣም ትንሽ ነው። ከዚያ ድንገት ያንቀጠቅጠዋል። አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ በጀመረ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይመጣል፤ አንዳንድ ልጅ ላይ ተቅማጡን ቀድሞ ይመጣና ሰው ግራ ይጋባል። ስኳሩ ደህና፣ የደም ጨዉ ደህና፣ አንጎሉ ደህና። ከጀርባው ብዙ ጊዜ ሮታ ቫይረስ ወይም ኖሮ ቫይረስ ይገኛል። በአማርኛ የተለመደ ስም የለውም። «ከቀላል የሆድ ሕመም ጋር የሚመጣ መንቀጥቀጥ» ብላችሁ ንገሩት፣ ሐኪሙ ይገባዋል።

አንድ ጠባዩ ወላጅን ያሳብዳል፦ ይደጋገማል። ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ልጆች ላይ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይመጣል። እያንዳንዱ አጭር ነው፣ በመሀል ልጁ ይነቃል፣ ይጫወታል። 24 ሰዓት ሲያልፍ አብዛኛውን ጊዜ ያበቃለታል። ሚጣን ሁለተኛው የያዛት ራይድ ውስጥ ነው፤ 50 ሴኮንድ። ሾፌሩ መኪናውን ዳር አስይዞ እያለቀሰ «ልቀጥል ወይስ ልቁም?» ይለኛል። ቀጥል አልኩት። ሦስተኛው ድንገተኛ ክፍል ውስጥ፣ ደም ሊቀዱላት መርፌ ሲወጓት መጣ። ሕመምና ለቅሶ እንዲህ ዓይነቱን መንቀጥቀጥ እንደሚቀሰቅስ በሙያው የታወቀ ነገር ነው። እህቴ ግን «መርፌው ነው ያመጣባት» ብላ ነርሷን ልትጣላ ደርሳ ነበር። ስለዚህ አስቀድማችሁ እወቁት፦ ደም ሲቀዳ እናት ትቀፋት፣ ጡት በአፏ ይሁን፣ ሁሉም ምርመራ በአንድ መውጊያ ይወሰድ በሉ።

ሌላው ምን ሊሆን ይችላል?

ሐኪሙ ጭንቅላቱ ውስጥ የሚያመላልሰውን እናንተም በግርድፉ ብታውቁት አይከፋም።

ትኩሳት ካለ፣ 38 እና ከዚያ በላይ፣ የትኩሳት መንቀጥቀጥ ሊሆን ይችላል፤ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባሉት ላይ የተለመደ ነው። ትኩሳትና ደም ወይም ንፍጥ የቀላቀለ ሰገራ አብረው ካሉ ሺጌላ የሚባለው ባክቴሪያ ይታሰባል። እሱም ያንቀጠቅጣል፣ መድኃኒቱም ሌላ ነው። አንገቱ ከደረቀ፣ እርግብግቢቱ ካበጠ፣ ነቅቶም ከፈዘዘ የማጅራት ገትር ነገር አለና ደቂቃ አታባክኑ። ሰሞኑን ቆላ አገር ከርማችሁ ከመጣችሁ፣ ወይም እዚያው ከሆናችሁ፣ ሳትጠየቁ ተናገሩ፤ የወባ ምርመራ ይደረጋል። ልጁ የአያቱን ኪኒን ወይም የተባይ መርዝ ነክቶ እንደሆነም አስቡ። መርዝም ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ ያንቀጠቅጣል። ለአንድ ቀን ምግብ ያልቀመሰ ልጅ ደግሞ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ይኼ በጣት ደም በአንድ ደቂቃ ይታወቃል።

ዋናው ግን ጨው ነው። እዚህ ላይ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ከሁሉ በላይ በእጃችን የምናመጣው እሱ ነው።

አንዲት እናት ልጇ ሦስት ቀን ሲያስቀምጠው «ውሃ አጠረው» ብላ ባዶ ውሃ ብቻ ስታጠጣው ቆየች። ውሃው የደሙን ጨው አቀጠነው፣ ሦስተኛው ቀን አንቀጠቀጠው። ሌላዋ ደግሞ የአንድ ሊትሩን የሕይወት አድን ፓኬት በግማሽ ሊትር ሃይላንድ በጠበጠችው። «ጠንከር ይበልለት ብዬ ነው ሲስተር» አለችኝ። ይኼኛውን ደግሞ የበዛው ጨው አንቀጠቀጠው። የሁለቱም እናቶች ልብ ቀና ነበር። ሁለቱም ልጆች ከሚጣ በጣም የባሰ አደጋ ላይ ነበሩ፤ ከውጭ ሲታይ ግን መንቀጥቀጡ አንድ ነው። «በዓይን አይታወቅም» ያልኩት ለዚህ ነው።

ሐኪም ፊት

ተረኛው ሐኪም ደክሞታል፣ ኮሪደሩ ሞልቷል፣ እናንተ ደግሞ ታለቅሳላችሁ። ስለዚህ በወረቀት ያዙ። እኔ በደረሰኝ ጀርባ እንዲህ ብዬ ጽፌ ነበር፦ ትውከት ዓርብ ማታ፣ ተቅማጥ ከቅዳሜ፣ ደም የለውም። ትኩሳት የለም። መንቀጥቀጥ 6፡12፣ 1 ደቂቃ ከ20። ዓይን ወደ ቀኝ፣ ሁለቱም እጅ። በ10 ደቂቃ ነቃች። ሁለተኛ 7፡05፣ 50 ሴኮንድ። የጠጣችው፦ ሕይወት አድን፣ በ1 ሊትር የተበጠበጠ። በቤተሰብ የሚጥል በሽታ የለም። ክትባት አሟልታለች። በቃ። ሐኪሙ ቪዲዮውን አይቶ፣ ወረቀቱን አንብቦ፣ አራት ጥያቄ ብቻ ጠየቀን።

የመዝገብ ክፍሉ ሰልፍ ላይ ግን 20 ደቂቃ ቆመናል። «ካርድ ሳይወጣ አይታይም» አሉን። አትቀበሉ። «ልጅ እያንቀጠቀጠ ነው» ብላችሁ ጮክ በሉና በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ግቡ፤ ካርዱን ሌላ ሰው ያውጣ። እንዲህ ያለ ልጅ ሰልፍ እንደማይጠብቅ ሙያው ራሱ ያዛል።

ስኳርና ሶዲየም (የደም ጨው ማለት ነው) መለካቱን ጠይቁ፣ ቁጥሩንም ጻፉ። ሶዲየም ከ135 እስከ 145 ከሆነ ደህና ነው። የሚጣ 138 ነበር። ካልሲየምም ይታያል። ከወገብ በመርፌ የሚቀዳው የወገብ ውሃ ምርመራና የጭንቅላት ምስል ለሁሉም ልጅ አያስፈልግም። በመሀል በደንብ የሚነቃ፣ የሚያይ፣ የሚጫወት ልጅ ከሆነ ሐኪሙ ሊተወው ይችላል። የፈዘዘ ወይም ትኩሳት ያለው ከሆነና የወገብ ውሃ ይወሰድ ከተባላችሁ ግን «ሽባ ያደርጋል» በሚል ወሬ አትከልክሉ። አያደርግም።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ እዚያው እያንቀጠቀጠው ከሆነ ዳይዜፓም ይሰጣል። ሆኖም በዚህ ዓይነቱ ላይ ቀጣዩን መንቀጥቀጥ ብዙ ጊዜ አይከለክልም፤ ደግሞ ቢመጣ «መድኃኒቱ እምቢ አለው» ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ጃፓኖቹ ተደጋጋሚውን ለማቆም ካርባማዜፒንን በትንሽ መጠን ይሰጣሉ። ይኼ የሐኪሙ ውሳኔ ነው። የእናንተ ሥራ ቢያንስ አንድ ሌሊት እዚያው ለማደር መስማማት ነው። እኛም አደርን። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ ያዛት፣ 40 ሴኮንድ። ከዚያ ወዲህ የለም።

በሳምንቱ እህቴ አላርፍ ብላ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰደቻት። ምን እንደነገረቻቸው አላውቅም። ይዛ የተመለሰችው ግን ለሁለት ዓመት በየቀኑ የሚወሰድ ፌኖባርቢታል ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ መንቀጥቀጥ የዓመታት መድኃኒት አያስፈልግም። አብዛኞቹ ልጆች ዳግም አይይዛቸውም፣ ዕድገታቸውም እንደማንኛውም ልጅ ነው። እኔ ግን «ጣይው» አላልኳትም። የጀመሩትን የመንቀጥቀጥ መድኃኒት በራስ ሥልጣን ማቋረጥ ልክ አይደለም። ደግነቱ ገና አልጀመረችውም። ወረቀቶቹን ሁሉ ይዘን የልጆች ሐኪሙ ጋ ተመለስን፣ እሱ አየና ሰረዘው።

ቤት ስትመለሱ

መበጥበጡን አንዴ በትክክል ተማሩት። የአንድ ሊትሩ ፓኬት በሁለት ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ነው የሚበጠበጠው። አንድ ጊዜ፣ ሙሉው ፓኬት፣ በሙሉው ሊትር። ከፓኬቱ ቆንጥሮ በኩባያ መበጥበጥ የለም። ፋርማሲ ውስጥ ያነሰ መጠን ያለውም ስለሚሸጥ ጀርባውን አንብቡ። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የታሸገ ይሁን። ስኳር አትጨምሩበት፣ በለስላሳ አትበጥብጡት። 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋ።

ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ላለው ከ100 እስከ 200። የእህቴን የቡና ሲኒ በሲሪንጅ ለክቼው 70 ሚሊ ሊትር ሆነ። ስለዚህ እዚያ ቤት ስሌቱ «አንድ ቀጭን፣ አንድ ሲኒ» ነው። ግን በሲኒ አፍ አታስጨልጡት። በሻይ ማንኪያ፣ በየአንድና ሁለት ደቂቃው። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ቀስ ብላችሁ ቀጥሉ። ይሰለቻል፣ አውቃለሁ። ሚጣ ማንኪያውን ስትገፋ ሲሪንጅ ያለ መርፌ ሰጠናት፣ እንደ መጫወቻ ቆጥራ ጠጣችው።

ጡት አይቋረጥ። ምግብም አይቋረጥ፤ አጥሚቱም፣ ሩዙም፣ ሙዙም ይቀጥል። ዚንክ ከ6 ወር በላይ ለሆነው በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ በታች ለሆነው 10፣ ለ10 እስከ 14 ቀን ነው። ተቅማጡ ቢቆምም ይጨረስ። «ማቆሚያ» የሚባለውን የተቅማጥ ኪኒን ለሕፃን አትግዙ። አንቲባዮቲክም ቫይረስ ላይ ሥራ የለውም።

የቤት ወሬውን ደግሞ ቶሎ ዝጉት። እኛ ቤት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ምርመራ ወጣ፦ ዓይነ ጥላ፣ የሚጥል በሽታ፣ ጥርስ። ጸበሉን ይጠመቁ፣ እኔም አማኝ ነኝ፤ ልጅቷ ነቅታ፣ ሞቃት ልብስ ይዘው፣ ሕይወት አድኑንም ሳያቋርጡ። ጥርሱ ግን አስፈራኝ። «ተቅማጡም መንቀጥቀጡም ከጥርሷ ነው፣ ድዷን ይነካካላት» የሚል ሰው መጣ። በቆሸሸ ምላጭ የተነካ ድድ ደም ይፈሳል፣ ይመረቅዛል። ያንን ሰው ከደጅ ነው የመለስኩት፣ ይቅርታም አልጠየቅሁም። «የሚጥል በሽታ አለባት» ለሚሉትም አማትየዋ ናቸው መልስ የሰጡት። «ሰዓቱን የያዝኩት እኔ ነኝ» ይላሉ፣ «አንድ ደቂቃ ከ20 ናት። ሐኪሙም አይደለም ብሏል።»

እጅ መታጠብ የምትሉት ነገር እዚህ ቤት ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ቀልድ ይመስላል። ቢሆንም ዳይፐር ከቀየራችሁ በኋላ በሳሙናና በውሃ ታጠቡ፣ ጠብታ ቢሆንም። የእጅ አልኮሉ ኖሮ ቫይረስ ላይ ደካማ ነው። የተቆሸሸውን ወለል በውሃ በቀጠነ በረኪና ጥረጉ። የሮታ ክትባት በአገራችን በ2006 ዓ.ም. ሲጀመር በአፍ በጠብታ፣ በ6 እና በ10 ሳምንት ነበር የሚሰጠው። አታሳልፉት። ሚጣ ወስዳዋለች፣ እንዲያም ሆኖ አንቀጠቀጣት፤ ኖሮን አይከላከልማ። ከባዱን የሮታ ተቅማጥ ግን ይቀንሳል።

ጥቂት ልጆችን በሌላ ጊዜ ሆዳቸውን ሲያማቸው ደግሞ ሊይዛቸው ይችላል። ለዚያ ስንል ሚጣን የምትይዘውን ሞግዚት አሠለጠንናት። እናትና አባት ሥራ ሲውሉ ቤት ያለችው እሷ ናት፣ ማንም ግን ምንም አልነገራትም ነበር። ምንጣፉ ላይ ትራስ አስተኝቼ አስለመድኳት። ምድጃውን አርቂ፣ በጎኗ አድርጊ፣ ሰዓቱን እዪ፣ አፏን አትንኪ፣ ደውዪ። አምስት ጊዜ ደጋገመችው። መጀመሪያ ስቃ ነበር፣ በሦስተኛው ላይ መሳቋን ተወች። ፍሪጁ በር ላይም 907ን፣ የእህቴንና የእኔን ቁጥር በትልቁ ጻፍን።

መጋቢት ላይ ሚጣን ተቅማጥ ያዛት። ሞግዚቷ ሥራ ላይ እያለሁ ደወለችልኝ። ስልኩን እስካነሳው ልቤ ጉሮሮዬ ውስጥ ነበር።

«ሲስተር፣ ትላንት ጠዋት የበጠበጥነው ትንሽ ተርፏል፣ ልስጣት?»

«ድፊው» አልኳት። «አዲስ በጥብጪ።»